አምስተርዳምን ማየት አገሩን ማየት አይደለም

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን፤ መንገድ ስንወጣ ግን ምሳሌውን ቤታችን ጥለነው እንሄዳለን። ከእኛ አካባቢ ወደ ኔዘርላንድስ የሚዘልቀው እንግዳም ሆነ እዚያው ጎጆ የቀለሰው ወገናችን፣ አምስተርዳም ላይ በጀልባ ተንሸራሽሮና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲያበቃ «ሆላንድን አየሁ» ይላል። አባባሉ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ሆላንድ የአገሪቱ ስም አይደለም፤ ከ12ቱ ክፍላተ ሀገር የሁለቱ፣ የሰሜንና የደቡብ ሆላንድ መጠሪያ ነው። ሁለተኛ፣ አምስተርዳም ዋና ከተማ ይሁን እንጂ መንግሥቱ እንኳ የተቀመጠው በዘ ሄግ ነው። በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ቁራጩን በሙሉው ስም መጥራት ያንገበግበኛል።

በጥቅምት ወር፣ የዚያ አገር ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት የመጸው ዕረፍት በሚዘጉበት ጊዜ፣ አምስተርዳም የምትኖር እኅቴ ዘንድ በእንግድነት ከርሜ ነበር። የእነርሱ መጸው ቅጠል ይረግፍበታል፤ የእኛው አበባ ይፈነዳበታል። «ልጆቹን ይዤ አጎራባች ከተሞችን ልይ» ብል የእኅቴ ባል ሳቀብኝ። «ምን ያደርግልሃል? ሁሉም ቦይ፣ ድልድይና ቤተ ክርስቲያን ነው። ለባቡር ገንዘብ ከመከስከስ እዚሁ ገበያ ብንወጣ ይሻላል» አለኝ። ይህን ሙግት ከብዙ ወገኖቻችን አፍ ሰምቼዋለሁ፤ መልስ ሊሰጠው የሚገባም ይመስለኛል።

እስቲ ሃርለምን እንውሰድ። በባቡር ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሐዲዱም እ.ኤ.አ. በ1839 የተከፈተው የአገሪቱ የመጀመሪያ የባቡር መስመር ነው። በታላቁ የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ኦርጋን ሞዛርት የአሥር ዓመት ብላቴና ሳለ በ1766 ተጫውቶበታል። ዩትሬክት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በ1674 የተነሣ ዐውሎ ነፋስ የካቴድራሉን መካከለኛ ክፍል አፍርሶት እንደ ወጣ ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ 112 ሜትር የሚረዝመው ግንብ በአንድ ወገን፣ የተረፈው ሕንፃ በሌላ ወገን፣ በመካከላቸው አደባባይ ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለውን ቦታ «ያው ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ማለፍ አለማየት ነው እንጂ ማወቅ አይደለም።

ላይደን ግን ከሁሉም የበለጠ እኛን ይመለከተናል። ከተማዋ በ1574 ከስፓኞች ከበባ ነፃ ወጣች፤ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተባት። ከ1992 ጀምሮም በግድግዳዎቿ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ግጥሞች በየራሳቸው ቋንቋና ፊደል ተጽፈዋል። ከሩስኛው ግጥም ወደ ጃፓንኛው ስንሻገር የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ቆም አለችና፣ «ጋሼ፣ የእማዬ ፊደል የትኛው ግድግዳ ላይ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በሄድንባቸው መንገዶች አላገኘነውም።

የነገርኳት ይህንን ነው፦ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በወጣትነቱ፣ በዚህችው ከተማ ተምሯል። በኋላም በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ በእርሳቸውም እየተረዳ ቋንቋችንን አጠና። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ። ልጅቷ ባቡሩ ውስጥ ወረቀት አውጥታ ስሟን በፊደላችን እንድጽፍላት ለመነችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አምስተርዳም ስትኖር ይህን የጠየቀችው ሰው አልነበረም።

ባቡሩ ርካሽ እንዳልሆነ አልክድም። ይሁን እንጂ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ግጥም ለማንበብ ቲኬት አይቆረጥም፤ ገበያ ወጥተን የምናወጣውም ገንዘብ ከዚያ አያንስም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቀረን «ከተማው የእኛ አይደለም፣ ምን አለን?» የሚለው ስንፍና ነው። ወላጅ እንዲህ ባለ ቁጥር ልጁ በተወለደበት አገር እንግዳ ሆኖ ያድጋል፤ የወላጆቹንም አገር አያውቅም። እንግዲህ በሚመጣው የጥቅምት ዕረፍት፣ እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ከልጆቻችሁ ጋር አንዱን ቀን ለጎረቤት ከተማ ስጡ። ሲጠይቁም መልስ ይዛችሁ ጠብቋቸው።