የጋራ አይሮፕላን እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ወልቂጤ በነበርንበት ጊዜ አንድ ክርክር አዳምጠን ነበር። ተከራካሪዎቹ አሥራ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ገሚሶቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ሁለቱ መምህራን፣ የቀሩትም ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ደመወዝ ያላቸው ከደመወዛቸው እየቀነሱ፣ የሌላቸውም ከዘመድ እየተበደሩ በዕቁብ መልክ ገንዘብ ማጠራቀም ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አሳባቸው በወልቂጤና በአዲስ አበባ መካከል የምትመላለስ አንዲት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና በጋራ ለመግዛት ነው። ገንዘቡ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው «የትኛዋን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ማኅበሩን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ወገን «እንደ ሰው ሁሉ አባዱላ እንግዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን «በዚህ መስመር ማንም ያልያዛትን፣ መናኸሪያ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያያትን እንግዛ፤ አለዚያ ከሌላው በምን እንለያለን?» ብሎ ይከራከራል።

ይህ ጥያቄ የአሥራ ሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካ አገር ለባለጠጎች የግል ጄት በድርሻ የሚሸጡት ኩባንያዎች በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ይዘው የሚጨነቁበት ጥያቄ ይኸው ነው። የወልቂጤን ክርክር ከሰማን በኋላ እነዚያ ኩባንያዎች አይሮፕላናቸውን እንዴት እንደሚመርጡ ብንጽፍ ለወዳጆቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን።

የድርሻው ንግድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ጀማሪው ሪቻርድ ሳንቱሊ የሚባል የሒሳብ ሰው ሲሆን፣ በ1964 የተቋቋመውን፣ ኋላም ኔትጄትስ ተብሎ የተጠራውን ኩባንያ ገዝቶ ይመራ ነበር። ሳንቱሊ ያስተዋለው ነገር ይህ ነው፤ አንድ ሀብታም ጄት ሲገዛ አይሮፕላኑ ከሚበርበት ቀን ቆሞ የሚውልበት ቀን ይበዛል፤ አብራሪው ግን ቆሞም ቢውል ደመወዝ ይበላል። ስለዚህ ሳንቱሊ አይሮፕላኑን እንደ ቅርጫ በሬ ከፋፍሎ ሸጠው። በተለመደው አሠራር አንድ አሥራ ስድስተኛ የገዛ ሰው በዓመት 50 ሰዓት የመብረር መብት ያገኛል፤ አሥራ ስድስቱ ሲደመር 800 ሰዓት ይሆናል። ባለድርሻው ከድርሻው ዋጋ ሌላ በየወሩ የአስተዳደር፣ በበረረ ቍጥር ደግሞ የሰዓት ክፍያ አለበት። ስመ ጥሩው ባለሀብት ዋረን በፌት ቀድሞ የራሱ አይሮፕላን ነበረውና፣ ሌሎችን በአባካኝነት ሲወቅስ ኖሮ እርሱም በመግዛቱ አፍሮ አይሮፕላኑን «ምክንያት የማይገኝለት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በኋላ የኔትጄትስ ደንበኛ ሆነና በ1998 ኩባንያውን በሙሉ ጠቀለለው። ሀብታምም ቢሆን ቅርጫ ይወዳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቅርጫ ከእኛው ቅርጫ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ባለድርሻው ስልክ ደውሎ «ነገ ጧት መሄድ እፈልጋለሁ» ሲል የሚመጣለት ድርሻ የገዛበት አይሮፕላን ላይሆን ይችላል። ከዚያው ዓይነት ሥራ ያልያዘው፣ ለቦታውም የቀረበው ይላክለታል። እንዲህ ካልሆነ አሠራሩ አንድ ቀንም አይቆምም፤ አሥራ ስድስት ሰዎች በአንድ ዓርብ ማታ ቢፈልጉት አንዱ አይሮፕላን ለማን ይደርሳል? የጉራጌ ተወላጅ የሆነ አንባቢያችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። መስቀል በደረሰ ጊዜ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አገሩ ለመግባት ይነሣል፤ ዓመቱን በሙሉ ተሳፋሪ ስትጠራ የኖረች መኪና በእነዚያ ቀኖች በወረፋ ትፈለጋለች። አሜሪካኖቹም የራሳቸው መስቀል አላቸው። በኅዳር የምስጋና በዓላቸውና በገና ሰሞን ሁሉም ባለድርሻ መብረር ይፈልጋል፤ ስለዚህ በውሉ ውስጥ «የጭንቅ ቀኖች» ተቈጥረው ይጻፋሉ፤ በነዚያ ቀኖች የሚበር ሰው ቀደም ብሎ እንዲያስታውቅ ይገደዳል።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ሊተካ የሚችለው አይሮፕላኖቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። የጄት አብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው በዓይነት በዓይነቱ ነውና፣ አዲስ ዓይነት የጨመረ ኩባንያ አብራሪዎቹን እንደገና ማስተማር፣ መካኒኮቹን ማሠልጠን፣ መለዋወጫ በየጣቢያው ማከማቸት አለበት። በዚህ ምክንያት አሳቢ ኩባንያ ዓይነት አያበዛም፤ ከአንዱ ዓይነት ግን ብዙ ይገዛል። ኔትጄትስ በ2023 የሴስና ሳይቴሽን ጄቶችን በ15 ዓመት ውስጥ እስከ 1500 ድረስ ለመግዛት የተዋዋለው፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ከብራዚሉ ኤምብራየር ፕራይተር 500 የሚባለውን እስከ 250 ለመግዛት የተስማማው ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተወዳዳሪውም ሞኝ አይደለምና ያንኑ ዓይነት ይገዛል። ፍሌክስጄት የተባለው ኩባንያ በየካቲት 2025 ከዚያው ከኤምብራየር 182 አይሮፕላኖች ለመግዛት መዋዋሉን አስታውቋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ፕራይተሮች አሉበት። ደንበኛው ታዲያ በምን ይለያቸዋል?

ፍሌክስጄት የሰጠው መልስ እኛን ደስ አሰኝቶናል። በ2015 በጀመረው አሠራር የተወሰኑ አብራሪዎችን ለአንድ አይሮፕላን ብቻ መደበ፤ የውስጡንም ወንበርና ጌጥ በልዩ ልዩ መልክ አሠራ። አብራሪው ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን መያዙ ቀርቶ፣ አይሮፕላኑን እንደ ራሱ ንብረት እንዲያውቀው ተደረገ። መኪና በየቀኑ ሾፌር ሲለዋወጥባት ምን እንደምትሆን መናኸሪያ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ያው ኩባንያ ግን በዚሁ በ2015 ከድምፅ ፈጥኖ ይበራል የተባለ፣ ገና በወረቀት ላይ የነበረ ኤሪዮን የሚባል ጄት ሃያ ለመግዛት ተስማምቶ ነበር። አይሮፕላኑ ሳይሠራ የኤሪዮን ኩባንያ በ2021 ተዘጋ። ይህን የመሰለ ግዢ መናኸሪያውን ዞሮ እንዲያይ ያደርገዋል እንጂ መንገደኛ አያደርስም።

ሌላው ፕሌንሴንስ የሚባለው ነው። ይህ ኩባንያ በ1995 ሲነሣ ጄት ትቶ አንድ ሞተርና አንድ ተሽከርካሪ መዘውር ያለውን የስዊስ ሥራ፣ ፒላተስ ፒሲ 12ን መረጠ። በመልክ ቢሆን ከጄቶች አጠገብ ሲቆም ከሰንጋ ፈረስ አጠገብ እንደ ቆመ በቅሎ ነው። ነገር ግን በቅሎ ፈረስ የማይወጣውን ትወጣለች፤ ፒሲ 12 ጄት በማይደፍረው አጭር ሜዳ ላይ፣ አስፋልት ባልነካው መሬት ላይ ጭምር ያርፋል። ባለድርሻው ከትልቁ ከተማ ወርዶ በመኪና ሁለት ሰዓት ከመንገላታት ደጁ ድረስ ይደርሳል። በየካቲት 2018 ኩባንያው ወደ ጄት ሲሸጋገርም ከዚያው ፋብሪካ የወጣውን፣ ኮረኮንች ላይ እንዲያርፍ የተሠራውን ፒሲ 24 ከሁሉ በፊት ተረከበ። እዚህ ላይ አይሮፕላኑ ልዩ የሆነው መንገዱ ልዩ ስለ ሆነ ነው። ሌሎቹ የማይደርሱበት ቦታ በቅድሚያ ታሰበ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ተፈለገ።

ይህን ገልብጦ የጀመረ ሌላ ኩባንያ ነበር፤ ስሙ አቫንቴር ይባላል። አቫንቴር የመረጠው ፒያጆ አቫንቲ የተባለውን የጣልያን አይሮፕላን ነው። ስሙ የቬስፓን ሞተር ሳይክል ያስታውሰን ይሆናል፤ የሁለቱ የዘር ሐረግ አንድ ነውና። አቫንቲ የሚያምር ነገር ነው፤ አፍንጫው ላይ ትንሽ ክንፍ አለው፤ መዘውሮቹም ወደ ኋላ ዞረው የተተከሉ ናቸው። ከጄት ብዙም ሳያንስ ይሮጣል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። ነገር ግን በዓለም ላይ ብዙ አልተሠራም። ኩባንያው በ2013 ከሰረና ሥራውን አቆመ። በዚያን ጊዜ ባለድርሻዎቹ ንብረታችንን እንረከብ ሲሉ ከአንዱ አይሮፕላን የተፈታ ዕቃ በሌላው ላይ ተገጥሞ ስለ ተገኘ የማን ምን እንደ ሆነ ለመለየት ብርቱ ሙግት ሆነ። ኩባንያውን የጣለው የአይሮፕላኑ ዓይነት ብቻ ነው አንልም፤ የገንዘብ አያያዝም ነበረበት። ቢሆንም ድርሻ ገዝቶ የተፈታታ አይሮፕላን መረከብ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ አንባቢያችን ይገምተው።

በቡታጅራ አንድ ግቢ ውስጥ የዚህ ታናሽ ወንድም ቆሞ አይተናል። እንደ ወልቂጤዎቹ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች የገዟት፣ በመስመሩ ላይ እኅት የሌላት መኪና ናት። ከመጣች ስምንት ወር እንኳ ሳትሠራ የማርሽ ሳጥኗ ተበላሸ። አሮጌውን መካኒክ «ጋሼ፣ አይሠራም ማለት ነው?» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የማላውቀው በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው የሌለው» አሉን። የአባዱላ መለዋወጫ ቢሆን ጧት ተነሥቶ አዲስ አበባ ሄዶ ማታ ይዞ መመለስ ይቻል ነበር፤ ለዚህችኛዋ ግን ከውጭ አገር ማስመጣት ያስፈልጋል። ዶሮዎች ከሥሯ ጥላ ይዘው ነበር።

«ታዲያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አይሮፕላን አይደለም ወይ ስሙን ያስጠራው?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። ድሪምላይነር የሚባለውን ቦይንግ 787 እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ከአፍሪካ አንደኛ ሆኖ ተረክቧል፤ እኛም ኰርተንበታል። ነገር ግን በጥር 2013 በባትሪው ጉድለት ምክንያት በዓለም ያሉት 787ዎች ሁሉ እንዳይበሩ ሲታገዱ፣ አየር መንገዳችን ተሳፋሪዎቹን የሚያሳፍርባቸው ሌሎች አይሮፕላኖች ነበሩት፤ በሚያዝያም ከሁሉ ቀድሞ 787ን ወደ መንገደኛ ሥራ መለሰ። ከዚህም በላይ ያው ድርጅት ለአገር ውስጥ መስመር ብሎ የመረጠው ድሪምላይነርን አልነበረም፤ ከ2010 ጀምሮ ኪው 400 የሚባለውን ባለመዘውር አይሮፕላን አስገባ እንጂ። ትልቅ ድርጅት አዲስ ነገር ሞክሮ ቢደናቀፍ በሌላው እግሩ ይቆማል። የአሥራ ሁለት ሰው ማኅበር ያለው እግር አንድ ነው።

በመኪናም ቢሆን ለመለየት የሚቻልበት መንገድ በአገራችን ታይቷል። ሰላም ባስና ስካይ ባስ የተባሉት የአክሲዮን ማኅበራት በረጅም መንገድ ስም ያተረፉት ምቹ የቻይና አውቶቡስ በመግዛታቸው ብቻ አልነበረም። ወንበሩ በቍጥር የተሰጠ፣ ቲኬቱ አስቀድሞ የተቈረጠ፣ መነሻ ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ መንገደኛውን ይበልጥ ስቦታል። ስንትና ስንት ሰዓት «አንድ ሰው ቀረው» እየተባለ መኪና ውስጥ ለተቀቀለ ሰው ይህ ከመስኮት መጋረጃ ይበልጣል።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ወዳጆቻችን በአዲስ አበባው መስመር ላይ እንሠራለን ካሉ አባዱላውን ይግዙ፤ ልዩነቱን በሰዓት አክባሪነትና በአንድ ቋሚ ሾፌር ያምጡት። በመሣሪያ ካልተለየን እንቢ ካሉ ደግሞ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ወዲያ ያለውን የገጠር መንገድ ይመልከቱ፤ በክረምት ጭቃው ሲበረታ ገበያተኛው በእግሩ የሚሄድበት፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ የሚወጣበት ስፍራ አለ። በዚያ ላይ የምትሄድ ጠንካራ መኪና በእርግጥ ከሌላው ትለያለች። በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ሲያሠሩ አስቀድመው ያዩት መኪናውን ሳይሆን መንገድ ያልደረሰበትን አገር ነበር።

ይህን ሁሉ ለአሥራ ሁለቱ በቃል ነግረናቸዋል። የልዩዋ መኪና ደጋፊ የሆነው መምህር ሣቀና «ለጭቃ መኪና ደግሞ ማን ዞሮ ያያል?» አለን። ገንዘብ ያዣቸው የሆነችው ወጣት ግን እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር፤ ደብተሯን ገልጣ «በገጠሩ መንገድ በሳምንት ስንት ቀን ገበያ አለ?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላቸው የሚያውቅ አልተገኘም። ሁለቱ ልጆች በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደው ቈጥረው እንዲመጡ ተወሰነና ምርጫው ለሌላ ቀን ተላለፈ።