ዱካክ፣ የሚጥል በሽታና ያልተጠየቀው ጥያቄ

በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በሐብሩ ቀበሌዎች፣ ከእንቅልፍ ሲነቃ ሰውነቱ አልታዘዝ ያለውና ደረቱ ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠበት የመሰለው ሰው «ዱካክ ተጫነኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ጤነኛ ሰው ላይም አልፎ አልፎ የሚደርስ፣ ሕክምና የማይሻ ክስተት ነው። ዱካክ የሚመላለስበት፣ ቀን በክፍል ውስጥ ሳይወድ የሚያንቀላፋና ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ወጣት ሲያጋጥም ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ናርኮሌፕሲ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች ይህ በሽታ እንቅልፍ አምጪ የአንጎል ሕዋሳት ከልክ በላይ በመሥራታቸው የሚመጣ ይመስላቸዋል። ግምቱ ከእውነቱ የራቀ ነው። በሃይፖታላመስ የፊተኛ ክፍል የሚገኙት እንቅልፍ አምጪ ሕዋሳት ጋባ በተባለው ኬሚካል አማካይነት የንቃት ማዕከላትን ያፍናሉ፤ ማዕከላቱም በተራቸው እነርሱን ያፍናሉ። አንዱ ሲያይል ሌላው ዝም ይላል። ቀን ላይ ሚዛኑን ወደ ንቃት ደግፈው የሚያቆሙት ኦሬክሲን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ናቸው። ኦሬክሲንን እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ይፋ አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ የአስከሬን ምርመራ ደግሞ ካታፕሌክሲ ባለባቸው የናርኮሌፕሲ ሕሙማን አንጎል ውስጥ ከእነዚህ ሕዋሳት ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተው እንደተገኙ አሳየ። ደጋፊው ሲጠፋ፣ አንዳች ጉድለት የሌለባቸው እንቅልፍ አምጪ ሕዋሳት ያለ ጊዜያቸው ያሸንፋሉ፤ በሕልም ጊዜ ጡንቻን የሚያዝለው ሥርዓትም በንቃት መካከል ሰብሮ ይገባል። ሳቅ ጉልበት የሚያከዳው፣ ማለትም ካታፕሌክሲ የሚባለው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

አሳሳቢው ስሕተት የሚፈጸመው በሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሲስቅ የወደቀ ወጣት የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ፌኖባርቢታል ቢታዘዝለት፣ መድኃኒቱ ራሱ ስለሚያስተኛ ሕመምተኛው ከቀድሞው ይልቅ ያንቀላፋል። በትምህርት ቤት ሰነፍ መባሉ ሳያንስ ሕክምናው ሌላ ሸክም ይሆንበታል። በካታፕሌክሲ የወደቀ ሰው ግን ራሱን አይስትም፤ ወድቆ ሳለ የተነገረውን ይሰማል፣ በኋላም ያስታውሳል። ይህን ለመለየት መጠየቅ ይበቃል። ምርመራውን ለማጽናት የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ላቦራቶሪው በቅርብ አለመኖሩ ግን ላለመጠየቅ ሰበብ ሊሆን አይገባም።

እርግጥ ጥያቄው ጥንቃቄ ይሻል። ጫት ያቋረጠ ሰውም ዱካክ አስቸገረኝ ይላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ባለፈበት በዚህ አካባቢ፣ ሌሊቱን በቅዠት አሳልፎ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ናርኮሌፕሲ አለበት ማለት አይቻልም። ሳቅን ተከትሎ የሚመጣ የጉልበት መክዳት ግን በእነዚህ በሁለቱም አይታይም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው።

የጠፉትን ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሆኖም የቆዩት የድብርት መድኃኒቶች ካታፕሌክሲን ይቀንሳሉ፤ ቀን ላይ በታቀደ ሰዓት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብም ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የርእሰ መምህሩ ፈቃድና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ነው። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ የጤና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እየወሰዱ ያልተሻላቸውን ወጣቶች «ስትወድቅ የሚነገረውን ትሰማለህ? የምትወድቀውስ ስትስቅ ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ የመድኃኒት ማዘዣውን ሊያስቀይር ይችላል።