የዓባይን ምንጭ ማን «አገኘ»?



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬና በጥሊሊ በኩል ወደ ሰከላ ለሚወጣ ሰው ግሽ ዓባይ ሩቅ አገር አይደለም። ከግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ምንጩም ለምእመናን ጠበል ነው። ዘንድሮ ከጓደኞቼ ጋራ ይህን የደጋ መንደር ለማየት ሄጄ ነበር። ነገር ግን ልጽፍ የተነሣሁት ስለ መንደሩ ውበት ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ነው። ይኸውም «አገኘ» የሚለው ቃል ነው።

የዓባይን ምንጭ ማን አገኘ ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን «ጄምስ ብሩስ» ብለን እንመልሳለን። ብሩስ ግሽ የደረሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ነው። ፔድሮ ፓኤዝ ግን ቀደም ብሎ በ1618 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሄዶ ምንጩን አይቷል። ብሩስ ይህን አልቀበልም ብሎ ቀዳሚው እኔ ነኝ ሲል ተከራከረ። ቀዳሚነቱ ግን የሁለቱም አልነበረም። ብሩስ ራሱ መንገድ የመራውን ወልዶን፥ በግሽም ያስተናገደውን ክፍለ ዓባይን በመጽሐፉ ውስጥ በስማቸው ጠርቷቸዋል። እንግዲህ ምንጩን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ መሪ ከየት ይገኝ ነበር? እኛ ግን የእንግዳውን ስም አጥንተን የባለቤቶቹን ረሳን።

ይህ የታሪክ ክርክር ብቻ አይደለም። በየክፍላችን ከእንዲህ ያለ መንደር መጥተው፥ ቤት ተከራይተው፥ ከወላጆቻቸው ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች አሉ። ስለ አገራቸው የሚጠይቃቸው ጥቂት ሲሆን፥ «ባላገር» እያለ የሚያፌዝባቸው ግን አይጠፋም። ስለ ግሽ ከብሩስ ተምሮ፥ አብሮት የተቀመጠውን የሰከላ ልጅ መጠየቅ የሚያሳፍረው ተማሪ ምን ተማረ ይባላል?

አንዳንድ ሰዎች «ያልተጻፈ ዕውቀት ይጠፋል፤ ብሩስ የተመሰገነው ስለ ጻፈ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንግዲያውስ እኛም እንጻፍ። በሚመጣው ዓመት ወደ ሰከላም ሆነ ወደ ሌላ መንደር የምትሄዱ ጓደኞቼ ሆይ፥ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ሽማግሌዎቹንና እናቶችን ጠይቁ። የምንጩን፥ የማሳውንና የጉብታውን ስም፥ ስሙም ከምን እንደ መጣ መዝግቡ። የነገሯችሁንም ሰዎች ስም ፈቃዳቸው ከሆነ ጨምሩበት። ደብተሩም በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ያን ጊዜ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ስለ ግሽ ሲጠየቅ፥ ከብሩስ አስቀድሞ የሚጠራው የአገሩ ሰው ስም ይኖረዋል።