«ድጋፍ» ስንል ስንቱን ደበቅን?

ሐምሌ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ አንድ አጭር ዜና ጽፌ ላክሁ። ርእሱ «የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ አጸደቀ» የሚል ነበር። ውሸት የለበትም። በማግሥቱ ጠዋት ግን አባቴ ደወለና «ይሄ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» አለኝ። ርእሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መልሱ ግን እኔው በጻፍኩት ዜና ውስጥ አልነበረም።

ዘግይቶም ቢሆን መልሱ ይኸው። 1 ቢሊዮኑ የማይመለስ ልገሳ ነው። 500 ሚሊዮኑ አከፋፈሉ ቀለል ያለ ብድር ነው፤ ቢቀልም ብድር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ በለቀቀበት ዕለት፣ አይ ኤም ኤፍ ያጸደቀው የአራት ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላርም ብድር ነው። እኛ ጋዜጠኞች ሁሉንም «ድጋፍ» ብለን አለፍን።

በሰፈር ጉዳይ እንዲህ አንሳሳትም። ዕድር ለቀብር የሰጠንን ገንዘብና ከጎረቤት የተበደርነውን ማንም አይቀላቅልም። ዕቁብ በመጀመሪያው ዙር የደረሰው ሰው «ገንዘብ ተሰጠኝ» ብሎ አያወራም፤ የሚከፍለው ገና ብዙ ዙር እንደቀረ ያውቃል። ነገሩ ወደ አገር ሲያድግ ነው ቋንቋችን የሚሰንፈው። ስንፍናው ደግሞ ለአንዳንዱ ይመቻል። «ድጋፍ» ያለ ባለሥልጣን «ተበደርን» ካለው ይልቅ ፊቱ ይበራል።

ድጎማ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል። ልገሳ ከውጭ ሲመጣ ቢያንስ የሰጪው ስም ይነገራል። ድጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ገንዘብ ነው፤ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፣ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሆነ ሳይነገረን። ነዳጅን ውሰዱ። ለዓመታት መንግሥት ነዳጅ ከዓለም ገበያ ገዝቶ በማደያ በርካሽ ያስቀዳ ነበር። ልዩነቱን የዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ይሸከማል፣ ፈንዱ ደግሞ ዕዳ ይቆልላል። ተጠቃሚው ማን ነበር? በአንድ ጊዜ ሰማንያ ሊትር የሚሞላ ቪ ኤይት ያለው ሰው፣ ታክሲ ተሳፍሮ ከመገናኛ ፒያሳ ከሚሄደው ሰው ብዙ እጥፍ ይደጎም ነበር። በሃይላንድ እየተሞላ በጥቁር ገበያ የሚቸረቸረውን፣ በድንበር የሚሾልከውንም ጨምሩበት። ድሀ አገር ለጎረቤት አገር መኪና ነዳጅ ደጉማለች ማለት ነው።

ስለዚህ በ2014 ድጎማው ቀስ በቀስ ይነሣል፣ የሚቀረውም ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር ይሆናል ሲባል ከደገፉት ወገን ነበርኩ። ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ያኔ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። ጭማሪውን ሁላችንም እስከ ሳንቲሙ እናውቀዋለን፤ ማደያ ላይ ይለጠፋል። ከድጎማው የተረፈው ብር የት እንደገባ ግን የትኛውም በር ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ሚኒባሱ ተደግሞ እንደሆነ ተሳፋሪው በምን ያውቃል? ታሪፉ ጨምሯል፤ ማታ ማታ ደግሞ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል። በስሙ የተደጎመለት ተሳፋሪ የድጎማውን ሽታ እንኳ አያገኝም። የደገፍኩት ሐሳብ ጎዶሎው እዚህ ላይ ነው፣ ያኔም መጻፍ ነበረብኝ።

(በቅንፍ፦ ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚልከውንም በጀት «ድጎማ» ነው የምንለው። ሕገ መንግሥቱም ቃሉን ይጠቀማል፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በቀመር የተሰላ ድርሻ ግን በቃሉ ምክንያት የሰጪ ችሮታ ይመስላል። ስንት የበጀት ጭቅጭቅ ከዚህ ስሜት እንደሚነሣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በየማለዳው መንገዳችንን ይጠርጉ የነበሩ አንዲት እናት አሉ። የከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ ነበሩ። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ የከተማው በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ተከተለ። ተጠቃሚው ሥራ ይሠራል፣ ከሚከፈለው ላይ ይቆጥባል፣ በሦስት ዓመቱ ይወጣል። መውጣቱ በፕሮግራሙ ቋንቋ «ምረቃ» ይባላል።

አንድ ቀን መጥረጊያ ሳይዙ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ምነው ጠፉ?»

«ተመረቃችሁ ተባልን እኮ ልጄ» አሉኝ እየሳቁ። «ምን ተምረን እንደሆነ እንጃ።»

በቆጠቡት ብር በር ላይ ድንችና ሽንኩርት ይቸረችራሉ። አልከፋም፤ ዘይት ሲወደድ ግን ደምበኛውም ድንች መቀነሱ አይቀርም። ከሁሉ የገረመኝ «እግዜር ይስጣቸው፣ ፈረንጆቹ በነጻ ሲሰጡን ቆዩ» ማለታቸው ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከዓለም ባንክ የመጣው 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነበር፤ መንግሥትም ከራሱ ጨምሮበታል። እማማ በነጻ አልተቀበሉም። ጠርገው ነው የተከፈላቸው፤ ብድሩን ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ከነግብራቸው ይመልሱታል። ምርቃቱ የሚገባው ለሳቸው ነበር።

«ቃል ቢቀየር ዳቦ ይሆናል?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አይሆንም። ነገር ግን ችሮታ የመሰለውን ሰው ይቀበለዋል እንጂ አይጠይቅበትም። እማማ ገንዘቡ የራሳቸውም ድርሻ ያለበት መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ወረዳው ደጃፍ ሄደው «ለምን በሦስት ዓመት? ማን ቆጠረው? ዋጋ ሲንር ክፍያው ለምን ባለበት ቆመ?» ይሉ ነበር። አሁን የሚሉት «እግዜር ይስጥልን» ነው።

እኔ በበኩሌ ከዚህ በኋላ በምጽፈው ዜና ሁሉ ብድሩን ብድር፣ ልገሳውን ልገሳ፣ ድጎማውንም ከማን ወጥቶ ለማን እንደሚገባ ጠቅሼ እጽፋለሁ። መግለጫው «ድጋፍ» ብቻ ብሎ ካለፈ ደውዬ እጠይቃለሁ። ስልክ ካልተነሣ «ይመለስ አይመለስ አልተገለጸም» ብዬ ርእሱ ላይ አሰፍራለሁ። አርታኢዎች ርእስ ረዘመ ብለው እንደሚቆጡ አውቃለሁ። አባቴ ግን ጠዋት አይደውልም።