በ77 የተወለዱ የቢሮ ሠራተኞች ወገባቸውን ለምን ይለኩ?

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ጎብዬ እንደ አብዛኛው የራያ ምድር ቆላማ ናት። በመኸር ዙሪያዋን የማሽላ ማሳ ይከባታል። ገበሬው ፀሐይ ሳይበረታ ማሳው ላይ ይደርሳል፤ ሲኮተኩት፣ ሲያርም፣ አዝመራው ሲደርስ ደግሞ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። በጎብዬም ሆነ በሮቢት፣ በቆቦም ሆነ በወልዲያ በቢሮ የሚሠራው ሰው ግን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 11፡30 ከወንበሩ የሚነሳው ለምሳና ለሻይ ነው። ፀሐዩ ስለሚከብድ አጭሩንም መንገድ በባጃጅ ይሄዳል። ማታ እቤቱ ሲገባ የቀኑን ትልቁን ማዕድ ይበላና ይተኛል።

ዓመት ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ ሱሪው ይጠበዋል፣ ቀሚሷ አልዘጋ ይላታል። በዚህ ጊዜ ከዘመድ የሚሰማው ቃል ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ምርቃት ነው፤ «ወፈርክሳ! ተመችቶሃል ማለት ነው» ይባላል። ይህ አባባል ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ይኸው የራያና የቆቦ ምድር ነበር። ከቆቦ ወደ ሰሜን ከተራራው ላይ ያለችው ኮረም በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ ስሟ የተነሳው በመጠለያዋ በሚያልቀው ሕዝብ ምክንያት ነው። ያንን ያየ ወላጅ የልጁ ጉንጭ ሲሞላ ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

ዛሬ ልናነሳ የወደድነው ግን ያ የረሃብ ዘመንና የዛሬው ውፍረት የተያያዙ መሆናቸውን ነው። ሁለቱ የሚገናኙትም በአንድ ሰው አካል ውስጥ ነው።

በራያ ቆቦ የተገኘው ውጤት

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በራያ ቆቦ ወረዳ ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎችን፣ በጨቅላነታቸው ረሃቡ የደረሰባቸውንና ከረሃቡ በኋላ የተወለዱትን ለይተው አጥንተዋል። ሰዎቹ ጥናቱ ሲካሄድ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ረሃቡ በማኅፀን ሳሉ ያገኛቸው ሰዎች ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት ይልቅ ሐኪሞች «ሜታቦሊክ ሲንድሮም» የሚሉት ችግር በብዛት ታይቶባቸዋል። ይህም የወገብ መስፋት፣ የደም ግፊት መጨመር፣ የደም ስኳር ከፍ ማለትና የደም ቅባት መዛባት በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሲገኙ ማለት ነው። የልብ ሕመም፣ የስትሮክና የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ መንገድ ጠራጊም ነው።

የራያ ውጤት ብቻውን የቆመ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት፣ በኔዘርላንድ በደረሰው ረሃብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተመርምረው ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ደክሞ ተገኝቷል።

ይህ እንዴት ይሆናል? በማኅፀን ያለ ሽል ምግብ ሲያጥረው ሰውነቱ ለድርቅ ይዘጋጃል። ከሁሉ አስቀድሞ አንጎሉን ያድናል፤ ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽት፣ ኩላሊቱና ጡንቻው ግን ድርሻቸው ይቀንሳል። የሚገባውን ጥቂት ምግብ ቆጥቦ መያዝንም ይለምዳል። እንዲህ የተዘጋጀ ሰው እንደ አባቱ እርፍ ይዞ ቢኖር ቆጣቢነቱ ይጠቅመው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስኳርና ዘይት የበዛበት ምግብ ሲመገብ ግን ያው ቆጣቢነት ይጎዳዋል፤ ትርፉ ወደ ሆድ ስብ ይሄዳል፣ ቆሽቱም ቶሎ ይደክማል።

በ77 የተወለደ ሰው ዛሬ አርባ ዓመት ገደማው ነው። ብዙዎቹ መምህር፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ነርስ ሆነዋል፤ ሥራቸው ወንበር ላይ የሚያውላቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ እርስዎ የዚያ ዘመን ልጅ ከሆኑ ይህን ጽሑፍ እንደ ተራ የቁንጅና ምክር አይዩት።

አገራዊው ገጽታ

በአገር ደረጃ ዛሬም ከውፍረት ይልቅ ክሳት ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ግን 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከተማ ያለው ቁጥር ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አገራዊ ቅኝት ደግሞ ከመቶ አዋቂዎች ወደ 16 የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመልክቷል። ብዙዎቹ መታመማቸውን አያውቁም፤ ግፊት ሕመም ሳይሰጥ ለዓመታት ይኖራልና።

ወንበሩ ምን ያደርጋል?

የመቀመጥን ጉዳት ቀድሞ ያሳየው ጥናት የተሠራው በለንደን አውቶቡሶች ላይ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት፣ ቀኑን ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት በጥቂቱ መሆኑን አረጋገጡ። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ አውቶቡሱም አንድ ነበር፤ ሥራቸውን የለየው መቀመጥና መንቀሳቀስ ነው።

ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ሲቀመጥ ይህን ሥራውን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ የጥናቶች ትንተና ግን ተስፋ ሰጪ ነገር አሳይቷል። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቀመጡ ሰዎችም ቢሆኑ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ ካደረጉ፣ ከመቀመጥ ጋር የተያያዘው የመሞት አደጋ ይጠፋል። ከዚያ ያነሰ እንቅስቃሴም አደጋውን ይቀንሰዋል።

የማናየው ምግብ

የቢሮ ሠራተኛ «እኔ እኮ ብዙ አልበላም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። የሚያወፍረው ከሳህኑ ይልቅ ከብርጭቆው ሊሆን ይችላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር፣ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ይወስዳል። ይህ 190 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ለማቃጠል ከግማሽ ሰዓት የማያንስ ፈጣን እርምጃ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶው 25 ግራም ያህል ነው። በስብሰባ መስተንግዶ የምትቀርበው አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ ብቻዋን ወደ 30 ግራም ስኳር ትይዛለች።

ሁለተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የጾም ወጥ ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ብቻ ቀላል አይሆንም። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ብስኩት በጾም ወራት ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን የጾመ ሰው ማፍጠሪያው ላይ በጥብስና በጣፋጭ ከተካካሰ ጾሙ ክብደቱን አይቀንስለትም። የሁለቱም እምነቶች ጾም ግን ልክን ለመልመድ የተመቸ ጊዜ ነው፤ ምግብ የሚቆምበትና የሚጀመርበት ሰዓት አስቀድሞ ተወስኗልና።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ይለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱና በእምብርትዎ ትይዩ ወገብዎን ይዙሩበት። የወገብዎ ዙሪያ ከቁመትዎ ግማሽ ከበለጠ የሆድ ስብ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ቁመትዎ 1 ሜትር ከ70 ከሆነ ወገብዎ ከ85 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠብቁ። ክብደትን በተመለከተ፣ 1 ሜትር ከ60 ቁመት ላለው ሰው ከ64 ኪሎ፣ 1 ሜትር ከ70 ላለው ከ72 ኪሎ በላይ ሲሆን ከሚገባው ክብደት ማለፍ ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ይምረጡ። በቆላ አገር በቀትር ተራመዱ ብሎ መምከር አይገባም። የጎብዬ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1፡30 ድረስ ለእርምጃ የተመቸ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ፍጥነት ነው። በጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ከሥራ ሲወጡ አሥር ደቂቃ ከተጓዙ በአምስት ቀን 150 ደቂቃ ይሞላል። ባጃጅ መያዝ ግድ ከሆነም ከመድረሻዎ ቀደም ብለው ይውረዱ። በጸጥታም ሆነ በሌላ ምክንያት ከቤት ርቆ መሄድ በማይመችበት ጊዜ በግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ከወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት ይቻላል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ልብስ በእጅ ማጠብም ይቆጠራሉ። ይህን ሥራ ለቤት ሠራተኛና ለሚስት ትተው የስፖርት ጊዜ አጣሁ የሚሉ ወንዶች መፍትሔው በጃቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ቢሮ ውስጥ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ። ስልክ ሲያወሩ ይቁሙ። ለጎረቤት ክፍል የሚላከውን ደብዳቤ ራስዎ ያድርሱ። የመጠጥ ውኃዎን ከጠረጴዛዎ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ በቆላ ሙቀት ውኃ መጠጣት ግድ ስለሆነ ደጋግመው ያስነሳዎታል። ጥማትን በለስላሳ አያርኩ።

አራተኛ፣ ሳህኑን ያስተካክሉ። የማሽላ እንጀራም ሆነ የጤፍ ይሁን፤ ዋናው መጠኑና አጠገቡ ያለው ነው። በቆቦና በግራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ደጃፍዎ ላይ ነው። የሳህኑን ግማሽ ለአትክልት፣ ሩቡን ለእንጀራ፣ ሩቡን ለምስር፣ ለሽሮ ወይም ለሥጋ ያውሉት። ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር በማይመጣጠንበት በዚህ ጊዜ ውድ ምግብ ግዙ አንልም። ከሻይዎ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ከወጥዎ አንድ ማንኪያ ዘይት መቀነስ ወጪንም ይቆጥባል። ለቡና ቁርስ ከብስኩት ይልቅ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሻላል። ስኳሩን በአንድ ጊዜ ማቆም ቢያቅትዎ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። እራትዎን ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድመው ይብሉ፤ እንቅልፍዎም በቂ ይሁን፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋልና።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ነገሩን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲንቀሳቀስ ሲደረግ ሰው ተነሳሽነት እንዳልጎደለው ታይቷል። የጎደለው ቦታና ምቹ ሁኔታ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤት በስብሰባ ላይ ከለስላሳና ከኬክ ይልቅ ውኃ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ቢያቀርብ ተጨማሪ በጀት አይጠይቀውም። ከጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የሠራተኛውን የደም ግፊትና ስኳር ማስለካትም ይችላል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

በረሃቡ ዘመን የተወለዱ፣ በቤተሰባቸው የስኳር ወይም የግፊት ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባቸው የነበሩ እናቶች ምልክት ሳይጠብቁ ይመርመሩ። የደም ግፊት በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል። ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ የማይቆርጥ ጥማትና ያለ ምክንያት መክሳት የስኳር ምልክቶች ናቸው። ሲራመዱ ደረትን የሚያጨንቅ ሕመም ካለ እንቅስቃሴውን አቁመው ወዲያው ሐኪም ያማክሩ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጾም ከመጀመርዎ በፊት ባለሙያ ያነጋግሩ። በየሱቁ የሚሸጡ ማክሻ ናቸው የሚባሉ ክኒኖችንና ሻዮችን አይሞክሩ።

ክብደት በወራት የመጣ ነውና በሳምንት አይሄድም። ነገር ግን ከክብደትዎ ከመቶ አምስት እጁን ብቻ መቀነስ የደም ስኳርንና ግፊትን ያሻሽላል፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 4 ኪሎ ነው። ጠግቦ ማደር ለራያ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሊከበርም ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን «ወፈርክሳ» ሲሉዎት አመስግነው ሜትሩን ይፈልጉ።