ግርዱን ለማን እንስጠው?

በዚህ ወር ስለ ወፎች ላጫውታችሁ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእናቴ ነው።

እማዬ አብዛኛውን ዕድሜዋን የኖረችው ጉለሌ፣ ጥድና ኮሶ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። ጤፍ ስታበጥር የሚወጣውን ግርድ ለዶሮዎቿ ትበትናለች፤ ከዶሮዎቹ የተረፈውን ርግብና ዋኖስ ይለቅሙታል። ወፍ መመገብ የሚባል ነገር በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ግርድ ይበተናል፣ ወፍ ይመጣል፣ በቃ። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባን።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እማዬ ዝም አለች። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ግፊቷም ስኳሯም ደህና ነው ተባልን። ጠዋት ተነስታ ነጠላዋን ደርባ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፣ ማታ ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። ቡና እንኳን “ለብቻ ምን ያደርጋል” ብላ ትታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጤፍ አበጥራ ጨርሳ፣ ግርዱን በሰፌድ እንደያዘች ቆማ “ይሄንን ለማን እንስጠው ልጄ? ይደፋ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷም በረንዳው አጥር ላይ በተነችው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቡናማ ድንቢጥ መጣች። በሳምንቱ አምስት ሆኑ። እማዬም ማታ ማታ የምትነግረኝ ነገር አገኘች።

ደስታችን ሳይሰነብት የታችኛዋ ጎረቤታችን በር አንኳኳች። “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያሰጣሁት የልጄ ዩኒፎርም ላይ ኩስ ወረደበት” አለች፤ በትሕትና ነው የተናገረችው። እማዬ በሐፍረት መሬት ልትገባ ምንም አልቀራትም። በረንዳውን ጠርጋ፣ አጥባ፣ ተመልሳ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔም ነገሩን በወጉ መማር ያለብኝ ያኔ መሆኑ ገባኝ።

ስህተታችን አጥሩ ላይ መበተናችን ነበር። አሁን ጠርዝ ያለው አሮጌ ትሪ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በምስማር በሳስተን፣ ከበረንዳው ውስጠኛ ግድግዳ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠናል። ኩሱም ገለባውም እኛው ወለል ላይ ይቀራል። መጠኑ ጠዋት አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የተረፈው ይነሳል። ሌሊት የሚያድር እህል አይጥ ይጠራል፣ በክረምት ደግሞ ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ወፍ ይገድላል።

ርግቦች ሌላ ጣጣ ናቸው። ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት ትልቋ ርግብ ከመጣች ለድንቢጥ የሚተርፍ የለም። መላው ቀላል ነው፦ ድንቢጥ የሚያሳልፍ፣ ርግብ የማያሳልፍ ቀዳዳ ያለው የአትክልት ሳጥን ትሪው ላይ መድፋት። (እማዬ ይህን አልወደደችውም። “ርግብ ምን አደረገች?” ትላለች። ስለዚህ ለርግቦቹ ትንሽ ማሽላ ለብቻ ይሰጣል፤ እኔ እንዳላየሁ አልፋለሁ።)

አሁን ወደ ኑግ ልምጣ። ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ስለ ወፎቹ ሲሰማ ከአንድ ሱቅ ፎቶ ላከልን፤ የወፍ ምግብ መደርደሪያ ላይ ጥቁር፣ ቀጭን ፍሬ በከረጢት ተደርድሯል። እማዬ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ “ኑግ አይደለም እንዴ?” አለች። ኑግ ነው። የትውልድ ቦታው የእኛው ደጋ የሆነው ኑግ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ የሚሄደው በብዛት ለወፍ ምግብ ነው። አሜሪካ የሚገባው አብሮት የሚመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት መታከም አለበት። እዚያ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሞልተው ይሰቅሉታል፤ ቱቦው ላይ ያሉት ስንጥቆች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ምንቃረ ቀጭኖቹ ትንንሽ ወፎች ብቻ ይመገባሉ። ከኑግ ጋር ስለተገኘችው ሰሊጥ ስንተርት የኖርን ሰዎች ይህን አናውቅም ነበር።

ኑግ ከሲሶ የማያንሰው ክፍሉ ዘይት ስለሆነ ለትንሽ ወፍ ጥሩ ጉልበት ነው። እኛም ባዶ ሃይላንድ ጎኑን በትኩስ መርፌ ስንጥቅ ስንጥቅ አድርገን፣ ከየስንጥቁ ሥር ለማረፊያ የእርሳስ ቁራጭ አሳልፈን ሰቅለነዋል። ያልተቆላ ይሁን፣ ከመርካቶ በኪሎ የሚገዛው ይበቃል።

ከእህል ይልቅ ብዙ ወፍ የሚጠራው ግን ውሃ ነው፣ በተለይ በበጋ። ጥልቀቱ ከጣት የማይበልጥ ሸክላ ሳህን ይበቃል፤ መሐሉ ላይ ድንጋይ አድርጉበት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ሳህኑንም እሹት፤ በተለይ በርግብና በዋኖስ ላይ የሚከሰት የጉሮሮ በሽታ በጋራ ውሃ ይተላለፋል።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ በላይ ዕድለኞች ናችሁ። እህል የማይበሉት፣ የአበባ ማር የሚቀስሙት ወፎች የሚመጡት ለአበባ ነው። እሬትና ራስ ክምር ትከሉ። በደጋው የአትክልት ቦታ የምትታየው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ወፍ ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። እማዬ መጀመሪያ ሁለት ወፍ መስሏት ነበር። አጋምና ወይራ ካላችሁ አትቁረጡ፣ ፍሬያቸው ምግብ ነው። የተባይ መድኃኒትም አትርጩ፤ እህል የሚበሉት ድንቢጦች እንኳን ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትል ነው።

ወጥ የነካው እንጀራ፣ ጨው ያለው ዳቦ አይሰጥ። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው፤ ሙዝና ፓፓያ ግን ችግር የለውም። ድመት ካለ ትሪው ድመቷ ልትደበቅበት ከምትችልበት ቦታ ራቅ ይበል።

የዩኒፎርሙ ባለቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሑድ እሑድ እናቱ ለቡና ስትወጣ ደብተሩን ይዞ ይከተላትና በረንዳው በር ሥር ተቀምጦ ወፍ ይቆጥራል። ባለፈው እሑድ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። እማዬ ሲኒውን እንደያዘች “አሥራ ሁለት ናቸው፣ ያቺን የሃይላንዱን አልቆጠርካትም” ብላ ተከራከረችው፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ አልተስማሙም።