ኃይል ቆጣቢ የተባለ ሕንፃ መዝገቡን ያሳየን

አንድ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ኃይል ቆጣቢ ነው ተብሎ ሲመረቅ የሚቀርብለት ውዳሴ ከንድፉ የተቀዳ እንጂ በኑሮው የተመሰከረ ስላይደለ፣ ሰው ገብቶበት፣ ክረምትና በጋ ተፈራርቀውበት፣ የሴንሰሮቹ ንባብ በሥርዓት ተመዝግቦ ለተመራማሪ ሁሉ እስኪገለጥ ድረስ ቆጣቢነቱን አምነን ልንቀበል አይገባንም።

በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት መዝገብ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከታነጸ ሕንፃ ሁለት የቢሮ ፎቆች፣ ከ300 በሚበልጡ ሴንሰሮችና ቆጣሪዎች፣ ከ2018 እስከ 2020 ድረስ የኤሌክትሪክ ፍጆታው፣ የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው አሠራር፣ የክፍሎቹ ሙቀት ተለቅሟል፤ ለጥቂት ጊዜም በፎቆቹ የነበሩት ሰዎች ቁጥር ተይዟል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የመለኪያው ብዛት ሳይሆን ከለቀማው በኋላ የተደከመው ድካም ነው።

ሴንሰር የሚሰጠው ባዶ ቁጥር ነውና፣ «21.5» የሚለው ንባብ በመስኮት ሥር ያለው የጠረጴዛ አካባቢ ሙቀት ይሁን ወይም ከጣራው ማሽን የሚወርደው አየር፣ መሣሪያውን የገጠመው ባለሙያ ካወጣለት ምሕጻረ ቃል በቀር የሚናገር የለም፤ ባለሙያው ሥራውን በለቀቀ ጊዜም ምሥጢሩ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ብሪክ በተባለው የስያሜ ሥርዓት ሴንሰሩን ከክፍሉ፣ ክፍሉንም አየር ከሚሰጠው መሣሪያ ጋር አዛመዱ፤ ከልክ ያለፈውን ንባብ አረሙ፤ መሣሪያው ዝም ባለበት ሰዓት የጎደለውን በስሌት ሞሉ።

በዚህ በመሙላቱ ነገር ጥንቃቄ ያሻል። የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ መምህራን የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ሲለያይ ሌላውን ንባብ «አብነት» ብለው ለደቀ መዝሙሩ ያስረክቡታል እንጂ እንዳልነበረ አያደርጉትም፤ መረጃ የሚያርም ሰውም በስሌት የሞላውን ከተለካው ለይቶ፣ ጥሬውንም ንባብ ሳይፍቅ ሊያኖር ይገባዋል።

የቤቱም ታሪክ ከቁጥሩ ጋር ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሠራተኛውን ከቢሮው እንዳስቀረው የማያውቅ መርማሪ፣ የዚያን ዓመት ፍጆታ መለዋወጥ ለማሽኑ ብልሃት ወይም ጉድለት ሊሰጠው ይችላልና።

እንግዲህ በሕዝብ ገንዘብ ለሚታነጽ ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ ሁሉ፣ ለመስታወቱና ለጣራው እንደሚታሰብ፣ መዝገቡን ለሚያሰናዳው ባለሙያም ደመወዙ ከመነሻው በጀት ይያዝ፤ መዝገቡም፣ የሠራተኞቹ ማንነት እንዳይታወቅ ተጠብቆ፣ ለሚጠይቅ ሁሉ ክፍት ይሁን።